አክሴፕታንስ ቴስትን በብዙ ማሽን ማስኬድ፦ ሻርድ፣ ግሪድ ወይስ ክላውድ?

ቴስቶቻችሁ ሁለት ሰዓት የሚፈጁ ከሆነ ማንም አይጠብቃቸውም። ዴቨሎፐሩ ኮዱን ይልካል፣ ሌላ ሥራ ይጀምራል፣ ቀዩ ምልክት ሲመጣ ነገሩን ረስቶታል። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ደግሞ "እሱ ቴስት ሁሌም ይወድቃል፣ ተወው" ማለት ይለመዳል። እኔ ይህን በሁለት ቡድን ውስጥ አይቻለሁ፤ በሁለቱም ቦታ የመጣው ሐሳብ አንድ ነበር፦ ማሽን እንጨምር። ሐሳቡ ትክክል ነው። ግን "ማሽን እንጨምር" ሲባል ቢያንስ አራት የተለያዩ መንገዶች አሉ፣ አንዱን ከተከላችሁ በኋላ ወደ ሌላው መዞር ደግሞ ወራት ይበላል፤ ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት ልዩነታቸውን ቁጭ ብሎ ማየት ይጠቅማል።

አክሴፕታንስ ቴስት ስል የተቀባይነት ፍተሻውን ማለቴ ነው። ደንበኛው "ይህን ካደረገልኝ እቀበላለሁ" ያለውን ነገር ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያረጋግጠው። ገዢው ይገባል፣ ዕቃ ይመርጣል፣ ይከፍላል፣ ደረሰኝ ይደርሰዋል። ብራውዘር ይከፈታል፣ ዳታቤዝ ይነካል፣ አንዳንዴ የኤስኤምኤስ ኮድ ይጠበቃል። አንዲት ትንሽ የኮድ ክፍል ብቻዋን የሚፈትሸው ዩኒት ቴስት በሰከንዶች ውስጥ መቶውን ይጨርሳል፤ ይሄኛው ግን አንዱ ብቻ ግማሽ ደቂቃ ሊወስድ ይችላል። እንበልና 240 ቴስት አላችሁ። በ30 ሰከንድ ሲባዛ 120 ደቂቃ። ሁለት ሰዓቱ የሚመጣው ከዚህ ነው።

## መጀመሪያ ምን እንደቸገራችሁ ለዩ

ሰው ብዙ ማሽን የሚፈልገው በሁለት ምክንያት ነው፣ ብዙዎቻችን ግን ሁለቱን እናደባልቃቸዋለን። አንደኛው ፍጥነት ነው፦ ያው ቴስት፣ ያው ክሮም፣ ያው ሊኑክስ፣ ግን ሥራውን አራት ማሽን ተካፍሎት በግማሽ ሰዓት እንዲያልቅ። ሁለተኛው ዓይነት ነው፦ ያው ቴስት በዊንዶውስ ኤጅ ላይም፣ በማክ ሳፋሪ ላይም፣ በሳምሰንግ ስልክ ላይም እንዲሞከር። ፍጥነት ቸግሮት ለዓይነት የተሠራ መሣሪያ የገዛ ሰው ገንዘቡን ይጨርሳል። ዓይነት ቸግሮት ፍጥነት የሚሰጠውን የተከለ ደግሞ በአይፎን ላይ ብቻ የሚበላሸውን የክፍያ ገጽ በፍጹም አያገኘውም፣ ምክንያቱም ያችኑ ክሮም አራት ጊዜ ነው የከፈተው።

ሌላ ማሽን ከመፈለጋችሁ በፊት ደግሞ አሁን ያለው ማሽን ሞልቷል ወይ ብላችሁ እዩ። ብራውዘርን በኮድ የሚያዝዘው ፕሌይራይት፣ ካልነገራችሁት በስተቀር፣ የሲፒዩውን ኮር ግማሽ ብቻ ነው የሚጠቀመው። ስምንት ኮር ያለው ላፕቶፕ ላይ አራት ዎርከር (ጎን ለጎን ቴስት የሚያስኬድ ፕሮሰስ) ማለት ነው። ሌላውን የቴስት መሣሪያ ሮቦት ፍሬምወርክን የምትጠቀሙ ከሆነ ብቻውን ሲሄድ ቴስቶቹን በሰልፍ አንድ በአንድ ነው የሚያስኬደው፤ ፓቦት የሚባለውን ጓደኛውን ስትጨምሩለት እዚያው ማሽን ላይ በጎን በጎን ያስኬዳቸዋል። ከሁለት ሰዓት ወደ 40 ደቂቃ በአንድ ጥሩ ማሽን መውረድ የሚቻልበት ጊዜ አለ። ይህን ሳይሞክሩ ሰርቨር መከራየት አልመክርም።

## ሻርድ፦ ማሽኖቹ የማይተዋወቁበት መንገድ

ሻርድ ማለት ሥራውን ቆራርሶ ማካፈል ነው። አራት ማሽን ታስነሳላችሁ፣ ለመጀመሪያው "አንተ ከአራቱ አንደኛው ነህ"፣ ለሁለተኛው "አንተ ሁለተኛው ነህ" ትሉታላችሁ፣ እያንዳንዱ የድርሻውን ይዞ ይሄዳል። በመካከላቸው ምንም ግንኙነት የለም። የሚያስተባብር ሰርቨር የለም፣ የሚከፈት ፖርት የለም፣ አንዱ ቢሞት ሌሎቹ ሥራቸውን ይቀጥላሉ። የምወደው ለዚህ ነው፤ የሚበላሽ ነገር ጥቂት ነው።

ማይክሮሶፍት በ2020 እ.ኤ.አ. ያወጣው ፕሌይራይት ይህን በአንድ ትእዛዝ ይሠራል። ኮድ ሲላክ ቴስቱን በራሳቸው በሚያስኬዱት አገልግሎቶች፣ ጊትሃብ አክሽንስ ላይ በማትሪክስ፣ ጊትላብ ላይ ደግሞ ፓራለል በሚለው ቃል ማሽኖቹን ታበዛላችሁ፤ ጊትላብ ለእያንዳንዱ ማሽን ተራ ቁጥሩን ራሱ ይነግረዋል። ሲያልቅ አራት የተበታተነ ሪፖርት እንዳይሆንባችሁ ፕሌይራይት ከ1.37 ጀምሮ ብሎብ የሚባል የሪፖርት ዓይነት አለው፤ ከየማሽኑ ትሰበስቡና ወደ አንድ ገጽ ታዋህዱታላችሁ። ሮቦት ፍሬምወርክም ሪቦት በሚባለው መሣሪያ ይህንኑ ያደርጋል።

ሁለት ነገር ግን ሰው ሁሉ ላይ ይደርሳል። የመጀመሪያው፣ የጊትሃብ ማትሪክስ ካልከለከላችሁት አንዱ ማሽን ሲወድቅ ሌሎቹን ያቋርጣቸዋል። ለቴስት ይህ በጣም መጥፎ ነው፤ አንድ ስህተት አይታችሁ ታስተካክላላችሁ፣ እንደገና ታስኬዳላችሁ፣ አሁን ደግሞ ሌላኛው ይወጣል። ፌይል ፋስት የሚባለውን መጀመሪያውኑ አጥፉት። ሁለተኛው፣ ፕሌይራይት ሙሉ ትይዩ ካልተባለ በስተቀር የሚያካፍለው በፋይል ነው። አንድ ፋይል ውስጥ የ18 ደቂቃ ቴስት ካጨቃችሁ 50 ማሽን ብታመጡም ከ18 ደቂቃ በታች አትወርዱም።

ማሽን በጨመራችሁ ቁጥር የሚጨምረውን ወጪም አስቡት። እያንዳንዱ ማሽን ኮዱን ማውረድና ብራውዘሩን መጫን አለበት። ይህ አራት ደቂቃ ይፈጃል እንበል። 120 ደቂቃውን ለአራት ስናካፍል 30፣ ሲደመር 34 ደቂቃ እንጠብቃለን፤ የተቃጠለው የማሽን ጊዜ ግን 136 ደቂቃ ነው። ለ12 ስናካፍል 14 ደቂቃ እንጠብቃለን፣ 168 ደቂቃ ይቃጠላል። ለ24 ስናካፍል 9 ደቂቃ፣ 216 ይቃጠላል። ከ12 ወደ 24 መሄድ ያተረፈልን አምስት ደቂቃ ብቻ ነው። የጊትሃብ ነፃ ፕላን ለግል ፕሮጀክት በወር የሚሰጠው 2000 ደቂቃ መሆኑን ስታስቡ ደግሞ፣ በ12 ማሽን በወር 11 ጊዜ ብቻ ነው ሙሉውን ማስኬድ የምትችሉት። ስለዚህ በእያንዳንዱ የኮድ ለውጥ ላይ ዋና ዋናዎቹን 20 ወይም 30 ቴስቶች፣ በተመረጡ ሌሊቶች ደግሞ ሙሉውን ማስኬድ ነው የሚያዋጣው።

ሌላውን የብራውዘር ቴስት መሣሪያ ሳይፕረስን የምትጠቀሙ ከሆነ ትንሽ ይለያል። እሱ በየማሽኑ የሚያካፍለው ቴስቶቹ ባለፈው የወሰዱትን ጊዜ አስታውሶ ነው፣ ይህም በእውነት ጥሩ ነገር ነው። ግን ለዚያ ከራሱ ከሳይፕረስ ክላውድ ጋር መገናኘት አለባችሁ። የውጭ አገልግሎት መጠቀም ለተከለከለ ቡድን አይሆንም።

ሻርድ ዓይነት አይሰጣችሁም። ፕሌይራይት ክሮሚየምን፣ ፋየርፎክስንና ዌብኪትን ይዞ ስለሚመጣ "ሳፋሪንም ሞክረነዋል" የሚሉ ሰዎች አጋጥመውኛል። ዌብኪት የሳፋሪ ሞተር ነው፤ ሊኑክስ ላይ የሚሮጥ ዌብኪት ግን ማክ ላይ ያለው ሳፋሪ ማለት አይደለም። ቪዲዮ፣ ፎንት፣ ክፍያ፣ ኪቦርድ ላይ ይለያያሉ። ብዙ ስህተት ይይዝላችኋል፣ ሁሉንም ግን አይደለም።

## ሰሊኒየም ግሪድ፦ ብራውዘሩ ሌላ ቦታ፣ ኮዱ እዚህ

ብራውዘርን በኮድ የሚያዝዘው ሰሊኒየም በ2004 እ.ኤ.አ. ቺካጎ ውስጥ ቶትወርክስ በሚባል ኩባንያ ነው የተጀመረው። አሁን ያለው ግሪድ 4 ከሰሊኒየም 4 ጋር በ2021 መጣ። አሠራሩ ከሻርድ በመሠረቱ ይለያል፣ ይህን መረዳት ከምንም በላይ ያስፈልጋል። በሻርድ ላይ የቴስቱ ኮድ ራሱ ወደየማሽኑ ይሄዳል። በግሪድ ላይ ኮዱ አንድ ቦታ ይቀመጣል፣ ብራውዘሮቹ ብቻ ናቸው ሌላ ማሽን ላይ ያሉት። መሃል ላይ ጥያቄ የሚቀበለው ሃብ አለ፣ በፖርት 4444 ላይ ይሰማል፣ ዙሪያውን ብራውዘር የሚከፍቱት ማሽኖች፣ ማለትም ኖዶች አሉ። "ዊንዶውስ ላይ ያለ ኤጅ ስጠኝ" ስትሉት ባዶ የሆነውን ኖድ ፈልጎ ያገናኛችኋል።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ ግሪድ ቴስት አያካፍልም። ብዙ ሰው ግሪድ ተክሎ "ለምን አልፈጠነም?" ብሎ ይጠይቃል። ግሪድ ብራውዘር ያከራያል፤ አሥር ብራውዘር በአንድ ጊዜ የሚጠይቀው የእናንተው ማስኬጃ ነው፣ ቴስት ኤንጂም ሆነ ጄዩኒት፣ ወይም ፓይተስት ከኤክስዲስት ጋር። እሱ በሰልፍ አንድ በአንድ ከጠየቀ 20 ኖድ ቢኖራችሁ 19ኙ ቁጭ ብለው ያያሉ። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ክሊክ፣ እያንዳንዱ ጽሑፍ መጻፍ፣ እያንዳንዱ "ይህ ነገር ታየ ወይ" የሚል ጥያቄ በኔትወርክ ሄዶ ይመለሳል። አንድ ቴስት 200 ትእዛዝ ካለው፣ ደርሶ መልሱ ደግሞ 150 ሚሊሰከንድ ከሆነ፣ 30 ሰከንድ በመንገድ ላይ ብቻ ይጠፋል። የ30 ሰከንዱ ቴስት አንድ ደቂቃ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ኮዱን የሚያስኬደው ማሽንና ኖዶቹ አንድ ኔትወርክ ውስጥ ይሁኑ። ኮዱ አዲስ አበባ፣ ኖዱ አውሮፓ የሆነ ግሪድ ሠርቶ አይቼ አላውቅም።

ስትተክሉ የሚያስቸግሩ ጥቂት ነገሮች አሉ፣ ሌላ ሰው ላይ ሰዓታት ስለወሰዱ ልንገራችሁ። በዶከር (ፕሮግራሙን ከነሚያስፈልገው ነገር በኮንቴይነር ጠቅልሎ በሚያስኬደው መሣሪያ) ከተከላችሁ ክሮም ያለ ምክንያት እየሞተ ያስቸግራችኋል፤ ዶከር ለጋራ ሜሞሪ የሚሰጠው 64 ሜጋባይት ብቻ ስለሆነ ነው፣ ወደ 2 ጊጋባይት አሳድጉት። የዶከር ኖድ በነባሪው አንድ ብራውዘር ብቻ ነው የሚከፍተው፤ ያለ ዶከር የተነሳ ኖድ ግን በሲፒዩ ኮር ልክ ይከፍታል። ቴስቱ ሲወድቅ ብራውዘሩን ሳይዘጋ ከወጣ ኖዱ እስከ 300 ሰከንድ ድረስ ተይዞ ይቆያል፣ ሰልፍ የሚረዝመው በዚህ ነው። የመዝጊያውን መስመር ቴስቱ ቢወድቅም በሚፈጸም ቦታ ላይ አድርጉት።

ሃብ ወደ ኢንተርኔት ክፍት አታድርጉ። ይህን አጥብቄ ነው የምለው። ግሪድ በነባሪው የይለፍ ቃል የለውም፤ የደረሰበት ሰው ሁሉ ማሽናችሁ ላይ ፕሮግራም ማስነሳት ይችላል። በጁላይ 2024 ዊዝ የተባለው የደህንነት ኩባንያ፣ ክፍት የተተዉ ግሪዶችን እየፈለጉ ክሪፕቶ ማዕድን ማውጫ የሚያደርጓቸው ሰዎች እንዳሉ ይፋ አድርጎ ነበር። ከሩቅ የሚሠራ ሰው ካላችሁ በቪፒኤን ይግባ።

የራሴን ላንሳ። አንድ ጊዜ ከቢሮ የተረፉ አራት ዴስክቶፖችን ሰብስበን ግሪድ ሠራን። ለሁለት ሳምንት ደስ ብሎን ነበር። ከዚያ መብራት ሄደ። ሲመለስ ሁለቱ ማሽኖች ራሳቸው አልተነሱም፣ አንዱ ተነስቶ የኖዱ ፕሮግራም አልጀመረም፣ አራተኛው የዊንዶውስ አፕዴት ላይ ቆሞ ነበር። የሌሊቱ ቴስት በሙሉ ወደቀ፣ ጠዋት ሁሉም ሰው ኮዱ ተበላሸ ብሎ ሲያይ አረፈደ። ከዚያ በኋላ ነው በየማሽኑ ባዮስ ውስጥ ገብተን መብራት ሲመለስ በራሱ እንዲነሳ ያደረግነው፣ የኖዱን ፕሮግራም ሰርቪስ ያደረግነው፣ ለሃቡም ዩፒኤስ የገዛነው። የራስ ማሽን ነፃ ይመስላል። የሚጠብቀው ሰው ጊዜ ግን ነፃ አይደለም፤ በሳምንት ግማሽ ቀን የሚሰጠው ሰው ከሌላችሁ አትጀምሩት።

## ጄንኪንስና የራሳችሁ ግቢ

ኮዱም ዳታውም ከግቢ መውጣት የማይችልበት ቤት አለ። ባንክ፣ ሆስፒታል፣ መንግሥት መሥሪያ ቤት። እዚያ ያለው ምርጫ በአብዛኛው ቴስቱን በራሱ የሚያስነሳው ጄንኪንስ ወይም በራስ ሰርቨር ላይ የተተከለ ጊትላብ ነው። ጄንኪንስ አንድ ተቆጣጣሪና ብዙ ኤጀንት ይዞ ይሠራል፤ በየኤጀንቱ ላይ "ዊንዶውስ"፣ "ሊኑክስ"፣ "ትልቅ ራም" የሚል መለያ ትለጥፉና ሥራው በመለያው ይሄዳል። ኤጀንቱ ራሱ ወደ ተቆጣጣሪው እንዲደውል ማድረግ ስለሚቻል ከፋየርዎል ጀርባ ያለ ማሽን ለማገናኘት ይመቻል። ቴስቶቹን ባለፈው በወሰዱት ጊዜ መሠረት የሚያካፍል ፕለጊንም አለው።

እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ከማሽኑ በላይ የሚያሳስበኝ ዳታው ነው። ቴስቱ እውነተኛ እንዲመስል ተብሎ የደንበኞች ዳታቤዝ በሙሉ ወደ ቴስት ሰርቨር ሲገለበጥ ይታያል። ማሽኑ አንድ ሲሆን አንድ ቅጂ ነው፤ ስምንት ሲሆን ስምንት ቅጂ፣ ከነስክሪንሾቱና ከነሎጉ። አሁን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ። የተፈጠረ ስም፣ የተፈጠረ ስልክ፣ የተፈጠረ የሂሳብ ቁጥር ተጠቀሙ።

## ክላውድ፦ ዓይነት ሲያስፈልግ

ሶስ ላብስ በ2008 እ.ኤ.አ. ተመሠረተ፣ ከመሥራቾቹ አንዱ ሰሊኒየምን የጀመረው ጄሰን ሃጊንስ ነው። ብራውዘርስታክ ደግሞ በ2011 ሙምባይ ላይ ተነሳ። ሁለቱም የሚሸጡላችሁ የሰው ማሽን ላይ ያለ ብራውዘርና እውነተኛ ስልክ ነው። የኮምፒውተሩ ሳፋሪ በማክ ላይ ብቻ ስለሚሮጥ፣ በዚያም ላይ በአንድ ማክ ላይ በአንድ ጊዜ አንድ የቴስት ሳፋሪ ብቻ ስለሚከፈት፣ አምስት ሳፋሪ ጎን ለጎን የፈለገ ሰው አምስት ማክ ይግዛ ወይ ይከራይ። ለዚህ ጉዳይ ክላውድ ተወዳዳሪ የለውም።

ዋጋው በአብዛኛው የሚቆረጠው በአንድ ጊዜ በሚከፈቱ ብራውዘሮች ብዛት ነው። አምስት ከገዛችሁ ስድስተኛው ይሰለፋል። ለፍጥነት ብላችሁ ከገዛችሁ ብዙ ትከፍላላችሁ። ደግሞ በዶላር ነው፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ ትንሽ ቡድን የውጭ ምንዛሪ ካርድ ማግኘቱ ራሱ ሥራ ነው፣ ወርሃዊ ክፍያ ሲሆን ደግሞ አንድ ወር ካልተሳካ ቴስቱ በሙሉ ይቆማል። የርቀቱ ጉዳይም አለ፦ ከላይ ስለ ግሪድ ያልኩት ሁሉ እዚህም ይሠራል፣ ኮዱ ከቢሯችሁ ከተነሳ እያንዳንዱ ክሊክ ባሕር ያቋርጣል። መፍትሔው ኮዱን ራሱን ክላውዱ አጠገብ ባለ የሲአይ (ቴስትን በራሱ የሚያስነሳ) ማሽን ላይ ማስኬድ ነው።

ገና ያልወጣ፣ በውስጥ ኔትወርክ ብቻ የሚታይ ድረ ገጽ ለማስሞከር ሁለቱም የራሳቸው ዋሻ አላቸው። ይሠራል። ግን ዋሻው ከውስጥ ኔትወርካችሁ ወደ ውጭ የሚከፈት በር ስለሆነ የደህንነት ኃላፊያችሁ ሳያውቅ አትክፈቱት።

እኔ የምመክረው 240ውንም ቴስት ወደ ክላውድ አለመላክ ነው። ከተበላሹ ገንዘብ የሚያሳጧችሁን መንገዶች ለዩ፦ መመዝገብ፣ መግባት፣ መግዛት፣ መክፈል፣ የይለፍ ቃል መቀየር። አሥር አካባቢ ይሆናሉ። እነሱን ብቻ ሌሊት ሌሊት በሳፋሪ፣ በእውነተኛ አይፎንና በአንድ ርካሽ አንድሮይድ ላይ አስኪዱ። ርካሹ አንድሮይድ አይቅር፤ ተጠቃሚዎቻችሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ከሆኑ ብዙዎቹ እጅ ላይ ያለው እሱ ነው።

## የትኛውንም ብትመርጡ የሚገጥማችሁ

እዚህ ላይ ቆም ልበል፣ ምክንያቱም እስካሁን ካየሁት ውድቀት አብዛኛው ከመሣሪያው ምርጫ አልመጣም። የመጣው ቴስቶቹ አንድ ዳታ ስለሚሻሙ ነው።

"አበበ" የሚባል የቴስት ተጠቃሚ አለ። 60 ቴስት በእሱ ስም ይገባል። አንድ ማሽን ላይ በሰልፍ ሲሄዱ ችግር የለም። አራት ማሽን ላይ ሲሆን አንደኛው ማሽን ለአበበ ጋሪ ውስጥ ዕቃ ያስገባል፣ ሦስተኛው ማሽን በዚያችው ሰከንድ ጋሪውን ባዶ ያደርጋል፣ አንደኛው ይወድቃል። ብቻውን ስታስኬዱት ያልፋል። ሰዎች "ይሄ ቴስት ያስቸግራል" ብለው ድጋሚ ሙከራ ይጨምሩበታል፣ ድጋሚ ሙከራው ደግሞ እውነተኛውን ስህተት ጭምር ይሸፍነዋል። መፍትሔው እያንዳንዱ ቴስት የራሱን ተጠቃሚ መጀመሪያ ላይ ይፍጠር፣ በስሙ ላይ የማይደገም ቁጥር ይጨመርበት። በስክሪን ሳይሆን በኤፒአይ (ፕሮግራም ከሰርቨሩ ጋር በቀጥታ በሚነጋገርበት መንገድ) በኩል ይፍጠረው፣ አለበለዚያ ለምዝገባ ብቻ ብዙ ሰከንድ ይሄዳል። ፕሌይራይት ለየዎርከሩ ቁጥር ይሰጠዋል፣ እሱን ከሻርዱ ቁጥር ጋር አያይዛችሁ መጠቀም ትችላላችሁ፤ ፓቦትም የተጠቃሚ ስሞችን አንድ በአንድ የሚያድልበትና የሚቆልፍበት መንገድ አለው። ከተቻለ ደግሞ ለየማሽኑ የራሱ ዳታቤዝ።

ሁሉንም የሚነኩ ማስተካከያዎች ግን በዚህ አይፈቱም። የቫት መጠን የሚቀይር ቴስት፣ ድረ ገጹን "ለጥገና ተዘግቷል" የሚያደርግ ቴስት፣ እነዚህን ለይታችሁ ሌሎቹ ካለቁ በኋላ ብቻቸውን አስኪዷቸው።

የሚፈተነውን ሰርቨርም አትርሱ። 16 ብራውዘር በአንድ ጊዜ ሁለት ኮር ያላት የቴስት ሰርቨር ላይ ሲወርድ ገጹ ይዘገያል፣ ጊዜው ያልፋል፣ ቴስቱ ይወድቃል። ያኔ ማሽን በጨመራችሁ ቁጥር ነገሩ ይብሳል። ቴስቱ ሲሄድ የሰርቨሩን ሲፒዩ አንድ ጊዜ ተመልከቱ፤ ከሞላ ገንዘቡ መሄድ ያለበት ወደዚያ ነው።

ሰዓቱ ደግሞ አለ። የክላውድ ማሽኖች በአብዛኛው በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ነው የሚቆጥሩት፣ እኛ በሦስት ሰዓት እንቀድማለን። ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ በእኛ አገር ቀኑ ተቀይሯል፣ ማሽኑ ላይ ግን ገና ትናንት ነው። የሌሊት ቴስት የምናስኬደው ደግሞ በዚያው ሰዓት ነው! "የዛሬ ደረሰኝ" የሚፈልገው ቴስት የሚወድቀው በዚህ ነው። በየማሽኑ ላይ የሰዓት ክልሉን አዲስ አበባ ብላችሁ በግልጽ ጻፉ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚሠራ ሲስተም ከሆነ ደግሞ "ከዛሬ ሰባት ቀን በኋላ" የሚል ቴስት ነሐሴ መጨረሻ ላይ ጳጉሜን ውስጥ ይገባል፤ የወር ዝርዝሩ 12 ብቻ ከሆነ ያኔ ይታያችኋል። ጳጉሜን እስኪደርስ አትጠብቁ፤ አምስት ቀን ያላትንም ስድስት ቀን ያላትንም ዓመት የሚያስመስል ቴስት አስቀምጡ።

ፎንቱ ከሁሉም በላይ ይደበቃል። ቀለል ያለ የሊኑክስ ኮንቴይነር ላይ የግዕዝ ፎንት ላይኖር ይችላል፣ ያኔ አማርኛው በሙሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ይታያል። ቴስቱ ግን ያልፋል። ምክንያቱም የሚያነበው ከገጹ ኮድ ውስጥ ነው፣ እዚያ ደግሞ ፊደሉ ትክክል ነው። ስክሪንሾት ከፍታችሁ ካላያችሁ አታውቁትም። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወይም አቢሲኒካን ሁሉም ማሽን ላይ ጫኑ። ስክሪንሾት ከስክሪንሾት የምታወዳድሩ ከሆነ ደግሞ ይህ የግድ ነው፤ ዊንዶውስ በኢብሪማ ወይም በኒያላ ያሳያል፣ ማክ በከፋ፣ ስፋታቸው ስለሚለያይ መስመሩ ሌላ ቦታ ይሰበራል፣ አንድም ስህተት ሳይኖር ቴስቱ ቀይ ይሆናል። ድረ ገጹ የራሱን ፎንት ይዞ እንዲመጣ ማድረግ የተሻለው መንገድ ነው፣ ለተጠቃሚውም ጭምር።

## እኔ ብሆን

ሦስት አራት ሰው ያለበት ቡድን፣ አንድ የዌብ ሲስተም፣ ኮዱ ጊትሃብ ወይም ጊትላብ ላይ፦ ፕሌይራይት በአራት ሻርድ። ሌላ አያስፈልጋችሁም። 34 ደቂቃው ከበዛባችሁ መጀመሪያ ትልልቆቹን ፋይሎች ስበሩ፣ ከዚያ ሻርድ ጨምሩ።

በጃቫ የተጻፈ ትልቅ የሰሊኒየም ቴስት ካላችሁ ወደ ፕሌይራይት ለመዞር ብላችሁ አታፍርሱት። ግሪድን በአንድ ጠንካራ ሰርቨር ላይ በዶከር ተክሉ፣ ሃቡም ኖዱም አንድ ቦታ፤ 16 ኮርና 32 ጊጋ ራም ያለው አንድ ሰርቨር ከአራት አሮጌ ዴስክቶፕ ይልቅ ይቀላል። ሁለተኛ ሰርቨር የምታመጡት ያ ሲሞላ ብቻ።

ባንክ ውስጥ ከሆናችሁ ጄንኪንስ ከኤጀንቶቹ ጋር፣ በየኤጀንቱ ላይ ሻርድ። እዚያ ግሪድ የሚያስፈልገው የዊንዶውስ ኤጅን ከሊኑክስ ማሽን ላይ ሆናችሁ ማዘዝ ስትፈልጉ ነው።

ደንበኞቻችሁ ዲያስፖራ ከሆኑ፣ ለምሳሌ ገንዘብ መላኪያ ወይም የአውሮፕላን ትኬት የምትሸጡ ከሆነ፣ ዋሽንግተን ያለው ሰው አይፎን ይዞ ነው የሚከፍተው። ያኔ ክላውዱን ከሻርዱ ላይ ጨምሩት፣ ለአሥሩ መንገድ ብቻ፣ በሁለት ትይዩ ብራውዘር ጀምሩ።

ከየትኛውም በፊት ግን ነገ ጠዋት አንድ ነገር ሞክሩ። ያላችሁን ቴስት እዚያው ላፕቶፓችሁ ላይ በሁለት ዎርከር፣ ቅደም ተከተሉን በዘፈቀደ አድርጋችሁ፣ ሦስት ጊዜ አስኪዱት። በየጊዜው የተለያየ ቴስት ከወደቀ የሚቀጥለው ሳምንት ሥራችሁ አበበን ከ60ው ቴስት ውስጥ ማውጣት ነው፣ ማሽኑ ይቆይ።